ጎማ ከመግዛት በፊት ቸርኬን መለካት ይቅደም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ብስክሌት በመጠገን የምተዳደር የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ ነኝ። የስፖርት ዓምዳችሁ ብስክሌትን ሲያነሣ በአብዛኛው የሚዘግበው የውድድር ውጤትን ነው፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ቅዳሜና እሑድ በራሱ ወጪ ወደ ተራራ ለሚወጣው፣ ክለብም አሠልጣኝም ለሌለው ብዙ ነጂ ከውድድር ውጤት በላይ የሚጠቅመው ነገር፣ በየትኛው መንገድ ላይ ምን ዓይነት ጎማ፣ ምን ያህል ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ መግጠም እንዳለበት ማወቅ ነው። የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደጄ ላይ የሚቆሙት የተራራ ብስክሌቶች በዝተዋል፤ አብዛኞቹ ይዘውት የሚመጡት ችግር ግን ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ተጽፎ ያየሁት ነገር ጥቂት በመሆኑ ሐሳቤን በጋዜጣችሁ በኩል ለማካፈል ወሰንሁ።

ችግሩ ሰው ጎማ ሲገዛ ከቸርኬው መነሣት ሲገባው ከጎማው ጥርስ መነሣቱ ነው። ገዢው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው «ጥርሱ ትልቅ የሆነ፣ ሰፋ ያለ አለ ወይ?» ብሎ ነው። ሻጩም ካለው ሁሉ ወፍራሙን አውርዶ ይሰጠዋል። ያ ጎማ የሚቀመጥበት ቸርኬ በውስጥ በኩል ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ግን ገዢው አይናገርም፣ ሻጩም አይጠይቅም።

በቅርቡ አንድ ወጣት ብስክሌቱን አምጥቶ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ በየመታጠፊያው ጎማው «ከሥሬ ይሸሻል» አለኝ። ጥፋቱን የጣለው በጎማው ጥርስ ላይ ስለነበር ከዚያ የባሰ ጥርስ ያለው እንድፈልግለት ነበር የመጣው። ጎማው አዲስ ነው፤ በጎኑ ላይ ስፋቱን በኢንች የሚያመለክት 2.40 የሚል ተጽፎበታል። አውልቄ የቸርኬውን ውስጥ ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ብለካው 19 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ቸርኬው ላይም በማስጌጫው ወረቀት ግማሹ የተሸፈነ 559 በ19 የሚል፣ ማለትም ዲያሜትሩንና የውስጥ ስፋቱን በሚሊ ሜትር የሚገልጽ ማኅተም ተገኘ። ከፔዳሉ ወደ ኋላ እግር በሚሄደው በግራው የብረት ቱቦ ላይ ቀለሙ የጣት ጥፍር በሚያህል ቦታ ተፍቆ ብረቱ ያበራል፤ ጎማው በታጠፈ ቁጥር የጎን ጥርሶቹ ሲልጡት የኖሩት ቦታ ነው። ወጣቱ መወዛወዙን ለማስቆም ብሎ ንፋሱን 50 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አድርሶት ነበር። በዚህም ምክንያት መታጠፊያው ላይ ትንሽ ቢሻለውም ድንጋይ ላይ ደግሞ ብስክሌቱ እንደ ኳስ ይነጥር ጀመር። ሰፊ ጎማ የተገዛው በትንሽ ንፋስ ድንጋዩን እንዲውጥ ሆኖ ሳለ፣ በጠባቡ ቸርኬ ምክንያት ንፋሱ ሲበዛ የተገዛበት ምክንያት ራሱ ጠፋ ማለት ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጎማ ቅርጹን የሚያገኘው ሁለቱ ጠርዞቹ ከሚያርፉበት ርቀት ነው። ጠርዞቹ ተቀራርበው ሲያዙና ላዩ ሰፊ ሲሆን የጎማው ጎን ወደ ውጭ ተወጥሮ ይቀራል፤ ስለዚህ ከጎን የሚመጣ ግፊት ሲያገኘው የሚደግፈው ነገር አጥቶ ይተኛል። ቸርኬው ሰፋ ሲል ግን ጎኖቹ ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ጎማው በአነስተኛ ንፋስም ቢሆን ቅርጹን ሳይለቅ ይታጠፋል። ቸርኬው በ1 ሚሊ ሜትር በሰፋ ቁጥር የጎማው ስፋት ራሱ በ0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይጨምራል፤ ጎማው ላይ የተጻፈው ስፋትና ተገጥሞ ሲለካ የሚገኘው ስፋት ብዙ ጊዜ የማይገናኙትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን «እንግዲያውስ ቸርኬው እስከተቻለ ድረስ ይስፋ» ብሎ መደምደምም አያዋጣም። ጠባብ ጎማ በሰፊ ቸርኬ ላይ ሲገጠም ላዩ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የጎን ጥርሶቹ ወደ ላይና ወደ ውጭ ስለሚሳቡ ብስክሌቱ ገና ሳያዘነብል መሬት ይነካሉ፣ ሲያዘነብል ደግሞ የሚይዝ ጥርስ ያልቅና በድንገት ያንሸራትታል። የቸርኬው ከንፈርም ከጎማው ጋር እኩል ሆኖ ስለሚወጣ ድንጋይ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚመታው ብረቱ ነው። ይህን ስሕተት እኛ ዘንድ እምብዛም አላየሁም፤ የእኛ ችግር በተቃራኒው በኩል ነውና ወደዚያው ልመለስ።

ከሥራ ልምዴም አምራቾች ከሚያወጡት ሠንጠረዥም እንደተረዳሁት፣ ውስጡ 17 ሚሊ ሜትር የሆነ ቸርኬ ከ1.95 ኢንች በላይ የሆነ ጎማ ባይጫንበት ይመረጣል። 19 ሚሊ ሜትሩ 2.1ን በምቾት ይይዛል፤ 2.25ንም በጥንቃቄ ይችላል። ከ23 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ያለው ከ2.2 እስከ 2.35 ላለው ጎማ ይስማማል። ዛሬ በአዳዲስ የተራራ ብስክሌቶች ላይ የተለመደው 30 ሚሊ ሜትር ለ2.4 ተስማሚ ነው፤ 2.6ንም ይይዛል። ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሆነው 2.8ና 3.0 ለሚባሉት ወፋፍራም ጎማዎች የተሠራ ስለሆነ እኛ አገር በብዛት አያጋጥምም። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ እፈልጋለሁ። የቆየው የአውሮፓ የጎማና የቸርኬ ደረጃ ሠንጠረዥ በ19 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ እስከ 62 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም እስከ 2.4 ኢንች ገደማ የሚደርስ ጎማ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ ከላይ የጠቀስሁት ወጣት በወረቀት ደረጃ ያጠፋው ነገር የለም። ሠንጠረዡ የሚመልሰው ግን ጎማው ከቸርኬው ላይ ሳይወልቅ ይቆያል ወይስ አይቆይም የሚለውን ጥያቄ ነው፤ ቁልቁለት ላይ በ25 ፒ.ኤስ.አይ. ሲታጠፍ እንዴት ይሆናል የሚለውን አይመልስም።

ይህ አለመጣጣም ከየት መጣ ለሚለው ምላሹ ያለው በብስክሌቱ ታሪክ ውስጥ ነው። የተራራ ብስክሌት በ1970ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው በማሪን አውራጃ ሲጀመር፣ ወጣቶቹ ይወርዱበት የነበረው በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ ከባድ የከተማ ብስክሌቶችን አድሰው ነበር፤ ጎማቸውም 2.125 ኢንች ስፋት ያለው ወፍራም ጎማ ነበር። በ1976 በዚያ የተጀመረው «ሪፓክ» የሚባለው የቁልቁለት ውድድር በእነዚሁ ብስክሌቶች የተካሄደ ነው። ብስክሌቱ ወደ ውድድር ሜዳ ሲገባና በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ላይ ሲካተት ግን የሁሉም ሐሳብ ክብደት መቀነስ ላይ ሆነ፤ በዚያ ዘመን ቸርኬው ወደ 17 ሚሊ ሜትር፣ ጎማው ወደ 1.9ና 2.0 ኢንች ጠበበ። ከ2000ዎቹ ወዲህ ነገሩ ተገልብጦ ካላማዳሪ የማይፈልገው ቱብለስ ጎማ ሲለመድ፣ ትንሽ ንፋስ ያለው ሰፊ ጎማ በሸካራ መንገድ ላይ ከጠባቡ ባልተናነሰ ፍጥነት እንደሚሽከረከር ታወቀ፤ ቸርኬውም አብሮ ሰፋ። እንግዲህ ወደ እኔ ሱቅ የሚመጡት ያገለገሉ ብስክሌቶች አብዛኞቹ በዚያ በጠባቡ ዘመን የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሱቅ ውስጥ በአዲስነት የሚሸጡት ጎማዎች ደግሞ ለሰፊው ዘመን ቸርኬ የታሰቡ ናቸው። አንዱ የሌላውን ዘመን ዕቃ እየተሸከመ ተራራ ይወጣል።

ወደ መንገዶቹ ስመለስ ከማውቀው ከእንጦጦ ልጀምር። እንጦጦ በበጋና በክረምት ሁለት የተለያዩ ተራሮች ናቸው ማለት ይቻላል። በበጋ ቀዩ አፈር እንደ ሸክላ ይደርቅና ላዩ ላይ ደቃቅ አቧራ፣ ጠጠርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይነጠፍበታል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት በደረቅነቱም ያንሸራትታል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ ረጅም ጥርስ ገብቶ የሚይዝበት ልስላሴ የለውም። እዚህ ላይ ረጅምና የተራራቀ ጥርስ ያለው ጎማ ጥርሱ ራሱ እየተጣጠፈ ያስቸግራል። የሚሻለው መካከሉ ላይ አጠር ያለና የተቀራረበ፣ ጎኑ ላይ ግን ጠንከር ያለ ጥርስ ያለው ጎማ ነው፤ ስፋቱም ቸርኬው የሚፈቅደው ያህል ቢሆን ይመረጣል።

ክረምት ሲገባ ያው ቀይ አፈር ይሟሽሽና በጎማው ጥርሶች መካከል እየተጠቀጠቀ ጥርሱን ከነአካቴው ይሠውረዋል። በዚህ ጊዜ ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ፣ ጭቃውን እየወረወረ ራሱን የሚያጸዳ ጎማ ያስፈልጋል፤ ስፋቱም ከበጋው ቢያንስ ይመረጣል። ቀጠን ያለ ጎማ የላዩን ለስላሳ ጭቃ ሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ መሬት የመያዝ ዕድል አለው፤ በብስክሌቱ አካልና በጎማው መካከልም ጭቃ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። በዚህ ምክንያት 17 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ያለው አሮጌ ብስክሌት በጭቃ ወራት ከአዲሱ የሚያንስ አይደለም፤ 1.9 ወይም 2.0 የጭቃ ጎማ ቢገጠምለት ከባለ ሰፊ ጎማው ቀድሞ ሲወጣ አይቻለሁ። ሆኖም በደንብ የራሰውን የጫካ መንገድ መንዳት መንገዱን ራሱን እንደሚያበላሽ ነጂዎች ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ጎማው የሚተወው ቦይ በቀጣዩ ዝናብ የጎርፍ መውረጃ ይሆናል።

ስለ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ብዙ አልናገርም። በሱሉልታ ሜዳ፣ በበቾ፣ በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለውን ዋልካ ከዝናብ በኋላ የሚቋቋም ጎማ አላውቅም፤ ሁለት ሦስት ዙር ሳይሽከረከር ጎማው ከፍሬኑ ጋር ተጣብቆ ይቆማል፣ ነጂውም ብስክሌቱን ተሸክሞ ይመለሳል። ዋልካ ደረቅ ሲሆን ግን ስንጥቃቱ ጎማን ይዞ ሊጥል ስለሚችል ሰፋ ያለ የፊት ጎማ ዋጋ አለው።

በስምጥ ሸለቆ በላንጋኖና በዝዋይ አካባቢ ደግሞ ጉዳዩ አሸዋና የግራር እሾህ ነው። ለአሸዋ የጎማ ጥርስ የሚረዳው ጥቂት ነው፤ የሚረዳው ስፋትና የንፋስ ማነስ ነው። ለእሾሁ መድኃኒቱ ቱብለስ ጎማ ውስጥ የሚጨመረው፣ ቀዳዳ ሲያገኝ ረግቶ የሚደፍነው ፈሳሽ ነው። ነገር ግን ለቱብለስ ያልተሠራ አሮጌ ቸርኬ ላይ በፕላስተር ጠቅልሎ ቱብለስ ለማድረግ የሚሞክሩ ልጆች እንዳሉ ስለማውቅ እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ፤ እንዲህ ያለው ቸርኬ የጎማውን ጠርዝ ቆልፎ የሚይዝ እርከን ስለሌለው መታጠፊያ ላይ ንፋሱ በአንድ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። ለእነዚህ ብስክሌቶች ፈሳሹን ካላማዳሪው ውስጥ መጨመር ይሻላል። ባሕር ዳርን በመሰለ ሜዳማ ከተማ ብስክሌቱን ለዕለት ጉዞ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ የተራራ ጎማ ከናካቴው አያስፈልገውም፤ ጥርሱ የለሰለሰ 1.5 ወይም 1.75 ጎማ በ17 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፣ ጉልበትም ይቆጥባል።

የንፋስ ነገር ለብቻው ደብዳቤ የሚወጣው ነው። አብዛኛው ሰው ብስክሌቱን የሚያስነፋው የመኪና ጎማ በሚነፋ ጎሚስታ ዘንድ ነው። ጎሚስታው በሥራው የተካነ ቢሆንም በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ እስከዚያ ይሞላል፤ ያ ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ልክ እንጂ የሚመከረው አይደለም። 70 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚመዝን ነጂ፣ 19 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ ባለ ካላማዳሪ 2.1 ጎማ ከፊት 30፣ ከኋላ 34 ፒ.ኤስ.አይ. ጥሩ መነሻ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ ያለ ቱብለስ 2.4 ጎማ ከፊት 20፣ ከኋላ 23 ይበቃዋል። ከዚያ ወዲህ ከፍና ዝቅ እያደረጉ የራስን ልክ ማግኘት ነው። ንፋሱ ማነሱ የሚታወቅበት አንዱ ምልክት ካላማዳሪው ላይ ጎን ለጎን የሚገኙ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። ብዙ ሰው ሁለት ሚስማር የወጋው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ድንጋዩ ጎማውን እስከ ቸርኬው ተጭኖ ካላማዳሪውን በራሱና በሁለቱ የቸርኬው ከንፈሮች መካከል ስለቆነጠጠው ነው። እንዲህ ያለ ካላማዳሪ ቢለጠፍ ችግሩ አይፈታም፤ ንፋሱ መጨመር ወይም ጎማው ቸርኬው የሚፈቅደውን ያህል መስፋት አለበት።

አንዳንዶች እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ጎማው ከፍታው ላይ ይፈነዳል ብለው ከቤት ሲወጡ ያጎድላሉ። ከከተማው መሐል እስከ ተራራው ራስ ያለው የአየር ግፊት ልዩነት 1 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ብቻ ነው፤ የተራራው ብርድ ደግሞ ያንኑ ያህል መልሶ ይቀንሰዋል። ስለዚህ የሚያሠጋ ነገር የለውም።

የሚያሠጋው ሌላ ነው። ጎማ በንፋስ ሲወጠር ቸርኬውን ወደ ጎን ይገፋል፤ በአንድ ዓይነት ንፋስ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ከ50 ሚሊ ሜትሩ ይልቅ በአንድ አምስተኛ የበለጠ ይገፋል። አሁን ደግሞ አሮጌዎቹ ብስክሌቶች ፍሬናቸው የሚይዘው የቸርኬውን ጎን መሆኑን እናስብ። በየክረምቱ በፍሬኑ ላስቲክና በቸርኬው መካከል የሚገባው ጭቃና አሸዋ ብረቱን እንደ ሞረድ እየበላ ያሳሳዋል። ጎኑ በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ጭኖ፣ መወዛወዙን ለማስቆም ደግሞ ንፋስ አብዝቶ ቁልቁል መውረድ ቸርኬውን ለመሰንጠቅ የሚጋብዝ ነው። ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ የሰቀልሁት፣ ጎኑ በመጽሐፍ ገጽ ውፍረት ልክ ሳስቶ ርዝመቱን ይዞ የተተረተረ ቸርኬ አለ፤ ደንበኞች ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ ይልቅ እርሱን ሲያዩ ነው የሚረዱኝ።

ገንዘቡ ለአንድ ጎማ ብቻ የሚበቃ ሰው አዲሱን ከፊት እንዲያስገጥም እመክራለሁ። ብዙዎች ቶሎ የሚያልቀው የኋላው ስለሆነ አዲሱን ከኋላ ያስገጥማሉ። የኋላ ጎማ ሲያንሸራትት ነጂው ብዙ ጊዜ ሚዛኑን ሊመልስ ይችላል፤ የፊቱ ካንሸራተተ ግን መውደቅ የማይቀር ነው። ከፊት ያለው ሰፋና ጥርሱ ጠንከር ያለ፣ ከኋላ ያለው ትንሽ ጠበብና ለመሽከርከር ቀለል ያለ ቢሆን ለአብዛኛው የእንጦጦ መንገድ ይስማማል። በጎማው ጎን ላይ ያለውን የአቅጣጫ ቀስት መመልከትም አይዘንጋ።

የጎማና የቸርኬ አለመጣጣም ሲነሣ ስለ ዙሪያ ልክም ማንሣት ግድ ይሆናል፤ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነውና። «ሃያ ስድስት» ብሎ መግዛት ብቻውን አይበቃም። ነጥብ ያለው 26 በ1.95 ወይም 26 በ2.1 ተብሎ የተጻፈው የተራራ ብስክሌት ጎማ የሚያርፍበት ዙሪያ ዲያሜትሩ 559 ሚሊ ሜትር ነው። በክፍልፋይ 26 በ1⅜ ተብሎ የተጻፈው ደግሞ 590 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም 26 ይባሉ እንጂ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ ፈጽሞ አይገጥምም። 27.5 የሚባለው 584 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 29 የሚባለው የተራራ ጎማና 700 የሚባለው የአስፋልት ጎማ ሁለቱም 622 ሚሊ ሜትር ናቸው። የጥንቱ ጥቁር ብስክሌት 28 በ1½ ጎማ ግን 635 ነው። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ በእያንዳንዱ ደኅና ጎማ ጎን ላይ 54-559 የሚል ዓይነት ጥንድ ቁጥር በትንሹ ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው የሚያርፍበት ዲያሜትር ነው። ቸርኬውም ላይ እንዲሁ ዲያሜትሩና የውስጥ ስፋቱ ይታተማል። ሁለተኛው ቁጥር ካልተመሳሰለ ጎማው አይገባም፤ የመጀመሪያው ቁጥር ከቸርኬው ስፋት ጋር ካልተመጣጠነ ደግሞ ይገባል፣ ነገር ግን እንደዚያ ወጣት ብስክሌት ይሆናል።

ሻጮች የሚሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ። «እኛ ያገኘነውን ነው የምናስመጣው፣ ገዢውም ያገኘውን ነው የሚገዛው፤ ምርጫ በሌለበት ስለ ሚሊ ሜትር ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ እኔም ራሴ የምፈልገውን ጎማ አጥቼ ደንበኛዬን የምመልስበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም ምርጫ ሲያንስ ማወቅ የበለጠ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ቸርኬው 19 ሚሊ ሜትር መሆኑን የሚያውቅ ሰው በገበያው ውስጥ ያለው 2.4 ብቻ ቢሆን እንኳ ምን ያህል ንፋስ እንደሚያስፈልገው፣ በመታጠፊያው ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ይገዛል፤ ወይም አሮጌውን ጎማ ለአንድ ወቅት ያቆየዋል። ከዚህም ሌላ ሱቆች ውስጥ የሚደረደረው ጎማ የሚመረጠው በገዢው ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ ወደ አንድ ትልቅ የዕቃ መሸጫ ገብቼ ለአሮጌ ብስክሌቶች የሚሆን 50-559 ጎማ ስጠይቅ፣ ሻጩ «እሱን ማን ይፈልገዋል? ሰው የሚጠይቀው ወፍራሙን ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከእርሱ መደርደሪያ ላይ ወፍራሙን የሚገዙት ሰዎች ቸርኬ ደግሞ በማግሥቱ የሚመጣው ወደ እኔ ነው።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል ለብስክሌት ዕቃ አስመጪዎችና ሻጮች የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ጎማ ሲሸጡ በደረሰኙ ላይ «ጎማ 26» ብለው ከሚጽፉ፣ በጎማው ጎን ላይ ያለውን ጥንድ ቁጥር እንዳለ ይጻፉት፤ ገዢው ቤቱ ደርሶ ባይገጥምለት በምን ላይ ተመሥርቶ እንደሚመልሰው ያውቃል። ብስክሌት ሲሸጡ ደግሞ የማርሹን ብዛት ከሚያስተዋውቁበት ወረቀት ላይ የቸርኬውን የውስጥ ስፋት ይጨምሩበት። ይህ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ለነጂዎችም፣ ቸርኬያቸው ላይ ማኅተም ላጡ ወይም ለተፋቀባቸው፣ ካሊፐር ባይኖራቸው የተማሪ ማስመሪያ ይበቃቸዋል። ንፋሱን አስወጥቶ የጎማውን አንድ ጎን ከቸርኬው ላይ ማላቀቅ፣ ከዚያም ማስመሪያውን በቸርኬው አፍ ላይ አጋድሞ ከአንዱ ከንፈር የውስጥ ጠርዝ እስከ ሌላው ከንፈር የውስጥ ጠርዝ ማንበብ ነው። ብዙዎች ከውጭ እስከ ውጭ ለክተው 24 ወይም 25 ሚሊ ሜትር አገኘን ይላሉ፤ የብረቱ ውፍረት በሁለቱም በኩል ሲቀነስ ግን ቸርኬያቸው ያው 19 ሆኖ ይገኛል። የተገኘውን ቁጥር በቀለም እስክሪብቶ ከንፋስ መሙያው ቫልቭ አጠገብ፣ ካላማዳሪው በሚሸፍነው የቸርኬው የውስጥ ክፍል ላይ ቢጽፉት፣ ቀጥሎ ጎማውን የሚፈታው ጠጋኝ ሳይጠይቃቸው ያነበዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የብስክሌት ጠጋኝ
ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ